መኪናችሁን ሰው ግቢ አቁማችሁ መብራት ስትሰኩ

«ነዘረኝ!» አለች አክስቴ። እጇን ከመኪናዬ በር እጀታ ላይ በድንጋጤ ሰበሰበች። ልብስ እያጠበች ስለነበር እጇ እርጥብ ነው። ነጠላ ጫማዋም ርሷል። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ በነሐሴ የደሴ ግቢ መሬት አይደርቅም። እኔም «አብሽሪ፣ ምንም አይደል» ብያት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የነዘራት መኪና እኔ ከራሷ ቤት ሶኬት ላይ የሰካሁት ነው።

ሥራዬ ቪዲዮ መቅረጽ ነው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ አንዳንዴም የድርጅት ሥራ። አንድ አሮጌ ሃይሩፍ ገዝቼ የኋላ ወንበሮቹን አስወልቄ አልጋ፣ ትንሽ ፍሪጅና ኤዲት የማደርግበት ጠረጴዛ አስገጠምኩበት። ደሴ ስሆን ሆጤ አካባቢ አክስቴ ግቢ አቆማለሁ። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ደግሞ አንዲት እናት ግቢያቸው ውስጥ ቦታ አከራይተውኛል። ሁለቱም ጋ ከቤቱ ግድግዳ እስከ መኪናዬ አንድ ገመድ ይዘረጋል። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ መኪና ውስጥ ለሚያድሩ፣ በመኪና ቡና ወይም ምግብ ለሚሸጡ፣ ሌሊቱን ሰው ግቢ ሰክተው ለሚያሳልፉ ሁሉ ነው። አክስቴን የነዘራት ነገር ሌላ ሰው ጋ እንዳይደርስ ከልቤ እፈልጋለሁ።

ቧንቧውና ሮቶው

ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ቧንቧው ቀጭን ነው፣ ግፊቱም ደካማ ነው። ግን ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሮቶውን ይሞላዋል። ጠዋት ከሮቶው እንደ ልብ እንቀዳለን። መኪና ውስጥ ያለው ባትሪ ሮቶ ነው። የግድግዳው ሶኬት ደግሞ ቀጭኑ ቧንቧ ነው። ከግድግዳው ትንሽ ትንሹን ለረጅም ሰዓት ውሰዱ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ የሚፈልገውን ነገር ከባትሪው አውጡ። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል የሠራሁት ተቃራኒውን ነበር። ሶኬት አገኘሁ ብዬ ማፍያውንም፣ ስቶቩንም፣ ቻርጀሩንም አንድ ዲቫይደር ላይ እደረድር ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ባለ 1800 ዋት የውሃ ማፍያ ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። የእኔ ባለ 20 አምፔር የባትሪ ቻርጀር ግን ባትሪው ላይ 20 አምፔር ቢያፈስም ከግድግዳው የሚወስደው 340 ዋት ገደማ ነው። አንድ አምፔር ተኩል መሆኑ ነው። ይህን ያህል የትኛውም ደህና መስመር ይሸከማል። 100 አምፔር ሰዓት ባትሪዬ ባዶ ቢሆን እንኳ በ5 ሰዓት ገደማ ይሞላልኛል።

በቀን ምን ያህል እንደምትጠቀሙ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። የእኔ ፍሪጅ በ12 ቮልት የሚሠራ 45 ዋት ነው፤ የሚሠራው ከሰዓቱ ሲሶውን ያህል ስለሆነ በ24 ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይበላል። ላፕቶፑ 65 ዋት ሆኖ 5 ሰዓት ይሠራል፤ 325 መጣ። መብራት፣ ስልክና የካሜራ ባትሪ ተደምሮ 100 ገደማ። ጠቅላላው 800 ዋት ሰዓት አይሞላም። በቻርጀሩ የሚባክነውን ጨምሬ ከአክስቴ ቤት የምወስደው በቀን 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ሒሳብ ስንተሳሰብ እንመለስበታለን።

ከመሰካታችሁ በፊት ቤቱን ጠይቁ

አዲስ ግቢ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ሶኬቱ የት እንዳለ አይደለም። እንጀራ በየትኛው ቀን እንደሚጋገር ነው የምጠይቀው። ባለቤቶቹ ግራ ይገባቸዋል። ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ነው፤ ለብቻው ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። የእኔ ሶኬት ከምጣዱ ጋር አንድ ብሬከር ላይ ከሆነ ብሬከሩ ይጥላል። ካልጣለ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ይግላል። አክስቴ ረቡዕና ቅዳሜ ትጋግራለች። በእነዚያ ቀናት ምጣዱ ተጥዶ እስኪወርድ ድረስ ገመዴን ነቅዬ እጠቀልለዋለሁ።

ቀጥሎ የሽቦውን መንገድ በዓይኔ እከተላለሁ። ደሴ ውስጥ ብዙ የቆዩ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች አሉ። መስመራቸው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተቀጠለ የሄደ ነው። ከቆጣሪው የሚወጣው ደህና ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ መጨረሻ ላይ በረንዳው ሶኬት ጋ የደረሰው ግን የአምፖል ሽቦ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ ከተለበለበ፣ ስትሰኩ ከላላ ወይም «ጭርር» የሚል ድምፅ ካሰማ አትጠቀሙበት። አንድ ሶኬት ማስቀየር ለባለቤቱም ለእናንተም ይጠቅማል። እኔ ኮምቦልቻ የማርፍበትን ግቢ ሶኬት በራሴ ወጪ አስቀይሬያለሁ። እማማ መርቀውኛል፤ የቡናውም በረካ አልቀረብኝም።

ሰክታችሁ ቻርጀሩ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ወንዴውን ሶኬት በእጃችሁ ዳብሱት። ለብ ማለት ችግር የለውም። እጅ የማያስቆይ ከሆነ መጋጠሚያው ላልቷል ማለት ነው፤ ንቀሉት።

ስለ ገመዱ

በዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ ልቃጠል የነበረው በዚህ ነውና።

ከአንድ ሱቅ 25 ሜትር የተጠቀለለ ገመድ ገዛሁ። ወፍራም ይመስላል። ውፍረቱ ግን የፕላስቲኩ ነው። ውስጡ ያለው መዳብ ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። መኪናው ከሶኬቱ 6 ሜትር ብቻ ይርቅ ስለነበር የሚበቃኝን ያህል ፈትቼ ቀሪውን ጥቅልሉ ላይ ተውኩት። ዝናብ እንዳይነካውም ብዬ ጥቅልሉን በፌስታል ሸፈንኩት። ከዚያ ባለ 2000 ዋት ማፍያ ሰካሁ። ለሻይ፣ ለመታጠቢያ፣ እንደገና ለሻይ። ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ግቢውን ሸፍኖታል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸተኝ የጎረቤት ቆሻሻ ነው ብዬ አሰብኩ። ስወጣ ፌስታሉ ጥቅልሉ ላይ ተጣብቋል። ገመዶቹ እርስ በርሳቸው እንደ ሰም ቀልጠው አንድ ሆነዋል። በአንድ ቦታ ላይ መዳቡ ራሱ ይታያል።

ለምን እንደሆነ ኋላ አሰላሁት። መብራት በገመዱ ሄዶ ስለሚመለስ 25 ሜትሩ 50 ሜትር ሽቦ ነው። በ0.75 መዳብ የዚያ ሽቦ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኮረንቲውን የሚገታበት መጠን፣ ከ1 ኦም ትንሽ ያልፋል። 9 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 10 ቮልት ይጠፋል፤ ከ90 ዋት በላይ ደግሞ ገመዱ ላይ ሙቀት ይሆናል። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል አስታውሱ፤ በርቶ በእጅ አይነካም ነበር። ያ ሙቀት በ25 ሜትር ላይ ተዘርግቶ ቢሆን ነፋስ ይወስደዋል። እኔ ግን ጠቅልዬ በፌስታል አፍኜዋለሁ።

ስለዚህ ገመድ ስትገዙ «ስንት ነው ካሬው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሦስት ሽቦ ይሁን፤ አንዱ የኧርዝ ነው፣ ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው። እኔ አሁን ባለ 2.5 ነው የያዝኩት። ከበድ ይላል፤ ግን አያሳስበኝም። ገመዱን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ፍቱት። የተረፈውን አልጋ ሥር አትቆልሉት፤ መሬት ላይ ሰፋ ባለ እባብ ቅርጽ አስተኙት። መጋጠሚያ ካለው ከመሬት ከፍ አድርጉት። እኔ የምሰቅለው ከአጥሩ ችካል ላይ ነው፤ ከመጋጠሚያው በታች ገመዱ እንዲረግብ አደርጋለሁ። ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ሲወርድ ከረገበው ላይ ይንጠባጠባል፤ ወደ መጋጠሚያው አይገባም። ውሻና ሕፃን ያለበት ግቢ ከሆነ ደግሞ በአጥር በኩል አዙሩት።

አሰካኩም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መኪናው ውስጥ ሁሉንም አጥፉ። ገመዱን መኪናው ጋ አገናኙ። ግድግዳው ላይ የምትሰኩት መጨረሻ ነው። ስትነቅሉ ተቃራኒው፤ መጀመሪያ ከግድግዳው። እንዲህ ከሆነ ኮረንቲ ያለበት ገመድ በእጃችሁ ይዛችሁ አትሄዱም።

አክስቴን ምን ነዘራት?

በማግስቱ ቴስተሬን አወጣሁ። አንድ ምስማር እርጥቡ መሬት ላይ ተከልኩ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ምስማሩ ላይ፣ ሌላውን የበሩ ብረት ላይ አደረግሁ። 108 ቮልት አነበበ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻርጀርም የላፕቶፕ አዳፕተርም ውስጣቸው ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሏቸው። ከእነሱ ጥቂት ኮረንቲ ወደ ውጭኛው ብረት ያልፋል። መንገዱ በኧርዝ ሽቦ ወደ መሬት መውረድ ነበር። ኧርዝ ከሌለ ግን መሄጃ የለውም። መኪና ደግሞ ጎማ ላይ ነው የቆመው፤ ጎማ አያስተላልፍም። ስለዚህ የመኪናው ብረት በሙሉ የ220ውን ግማሽ ያህል ይዞ ይቆማል። እርጥብ እጅና እርጥብ እግር ያለው ሰው ሲነካው ይነዝረዋል። ያ ኮረንቲ በጣም ትንሽ ስለሆነ ለብቻው አይገድልም። የሚያስፈራው ሌላው ነው። ኧርዝ የሌለው መኪና ውስጥ አንድ ቀን ፋዙ፣ ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ፣ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ሙሉው 220 በዚያው በር እጀታ ላይ ሰው ይጠብቃል። ብሬከሩም አይጥልም። ብሬከር የሚጥለው ብዙ አምፔር ሲያልፍ ነው፤ ሰው ለመግደል የሚበቃው ግን ብሬከሩ ከሚሰማው በታች ነው።

ሶኬታችሁ የኧርዝ ቅንጥብ ስላለው አትታለሉ። ከጀርባው ሽቦ የሌለው ብዙ ነው። የአክስቴ እንዲያ ነበር። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስለኩት፤ በፋዙና በኧርዙ መካከል 220 አካባቢ መምጣት አለበት። የማይረባ ቁጥር ከመጣ ኧርዝ የለም። እኛ ከቆጣሪው አጠገብ፣ የጣሪያው ውሃ ከሚወርድበት እርጥብ ቦታ ላይ የኧርዝ ዘንግ አስተከልን። ከዚያ እስከ በረንዳው ሶኬት አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ተሳበ። መኪናው ውስጥም የኧርዙ ሽቦ ከሻሲው ጋር በብሎን ታሰረ። እንደገና ስለካ በበሩ ብረትና በምስማሩ መካከል 1 ቮልት እንኳ አልመጣም። አክስቴ አሁን እርጥብ ፎጣዋን የጎን መስታወቴ ላይ ትሰቅላለች።

ሁለተኛው የግድ ነገር የሊኬጅ ብሬከር ነው። «ቴስት» የምትል ትንሽ ቁልፍ አለችው፤ 30 ሚሊ አምፔር የሚል ምረጡ። የሄደው ኮረንቲ ካልተመለሰ፣ ማለትም በሰው በኩል ወደ መሬት ካመለጠ፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። የሚቀመጠው መኪናው ውስጥ ብቻ ሳይሆን ግድግዳው ጋ ቢሆን ይመረጣል፤ ያኔ ግቢው ውስጥ የተዘረጋውን ገመድም ይጠብቃል። በየወሩ ቁልፏን ተጫኑ። ካልጣለ ቀይሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ሶኬት ገልብጦም ይሰካል። ዛሬ ፋዝ የነበረው ሽቦ ነገ ኒውትራል፣ ማለትም መላሹ ሽቦ፣ ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ውስጥ የምታስገቡት ብሬከር ሁለቱንም ሽቦ አንድ ላይ የሚቆርጥ ይሁን። አንዱን ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ አጠፋሁ ብላችሁ ኮረንቲ ያለበት ሽቦ ትነካላችሁ።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ኮምቦልቻ አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ቮልቴጁን እየለካሁ መዝግቤ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ራት ሲሠራ፣ እስከ 184 ወረደ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 231 ነበር። ቮልቴጅ ሲወርድ ማፍያና ስቶቭ ይደክማሉ፤ በ184 ቮልት ላይ ባለ 1800 ዋቱ ማፍያ 1260 ዋት ገደማ ብቻ ነው የሚሰጠው። ቻርጀር ግን ተቃራኒ ነው። ያንኑ ዋት ለማግኘት ብዙ አምፔር ይስባል። ለዚህ ነው እኔ ቻርጀሬን የማበራው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሆነው። ቮልቴጁ ይረጋል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሞቃት ከተማ ስለሆነ ሌሊቱ ለቻርጀሩም ለባትሪውም ይሻላል። በግንቦት ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ቻርጀር ማብራት ዕድሜውን መቀነስ ነው።

መብራት ሲሄድ ቶሎ ብላችሁ የመኪናችሁን ዋና ብሬከር አውርዱ። ሲመለስ የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሳ ቮልቴጁ ይወዛወዛል። 5 ደቂቃ ታገሱ። ተኝታችሁም ቢሆን ይህን የሚያደርግላችሁ ፍሪጅ ጋርድ ነው፤ ሱቅ ሁሉ አለ። ቮልቴጁ ከልክ ሲወርድም ሲወጣም ይቆርጣል፤ ሲመለስም ቆይቶ ነው የሚለቀው። ከቻርጀሩ በፊት አስገቡት።

የቤቱ አምፖሎች በድንገት ከወትሮው ይበልጥ ቦግ ካሉ ደግሞ ለማሰብ አትቁሙ፤ ንቀሉ። የሰፈሩ መስመር ኒውትራል ሲበጠስ ቤት ውስጥ የሚገባው ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል።

ኢንቨርተሩን አትርሱት

ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር ነው። ሁለት ጥፋት ላይ ወድቄያለሁ። አንደኛው፣ ቻርጀሩን የሰካሁበት ዲቫይደር ከኢንቨርተሩ የሚመጣ ነበር። ባትሪው ኢንቨርተሩን ያሠራል፣ ኢንቨርተሩ ቻርጀሩን፣ ቻርጀሩ ባትሪውን። በየዙሩ እየባከነ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር አደረ። ጠዋት ፍሪጁ ጠፍቷል፣ ሥጋዬም ተበላሽቷል። አሁን የቻርጀሩ ሶኬት ለብቻው ነው፤ በቀይ ፕላስተር ምልክት አድርጌበታለሁ።

ሁለተኛው፣ ሌሊት ሳላጠፋው ማደር ነው። የእኔ ምንም ሳይሠራ 15 ዋት ይበላል። በ24 ሰዓት 360 ዋት ሰዓት፤ ልክ የፍሪጁን ያህል። ስልክ በ12 ቮልት ዩኤስቢ ቻርጅ አድርጉና ኢንቨርተሩን አጥፉት።

የኢንቨርተሩን መውጫና የግድግዳውን መብራት በምንም ዓይነት አንድ መስመር ላይ አታገናኙ። ጄኔሬተር ላይ እንደሚደረገው ቼንጅ ኦቨር መሀል ይግባ፤ ወይ አንዱ ወይ ሌላው። ሁለቱ ከተገናኙ ኢንቨርተሩ ወዲያው ይቃጠላል። መብራት በጠፋበት ሰዓት ከሆነ ደግሞ የእናንተ ኮረንቲ ወደ ቤቱ መስመር ተመልሶ፣ ጠፍቷል ብሎ ሽቦ የያዘ ሰው ሊይዝ ይችላል።

ስለ ባትሪ ዓይነት በአጭሩ። የእኔ ሊቲየም ነው፤ እስከ 14.4 ቮልት ሞልቼ አቆማለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከዜሮ ዲግሪ በታች ከሆነ ሊቲየም ቻርጅ አይደረግም፤ አልጋው ሥር ቴርሞሜትር አለኝ። የአሲድ ባትሪ ያላችሁ ከ12.2 ቮልት በታች አታውርዱት፤ ግማሽ ቀርቶታል ማለት ነው። ቻርጅ ሲሆን የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ከምትተኙበት ክፍል ወደ ውጭ መተንፈሻ አብጁለት።

ሒሳብ

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደረጃ አለው። ወርሃዊው ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። እኔ በወር የምጨምረው 30 ኪሎ ዋት ሰዓት አክስቴን ወደ ላይኛው ደረጃ ሊገፋት ይችላል። ስለዚህ «የተጠቀምኩትን ብቻ ልክፈል» ማለት አይበቃም። ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ የዋት መለኪያ ገዝቻለሁ። ስገባ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ስወጣ እጽፋለሁ። ልዩነቱን በላይኛው ደረጃ ዋጋ አስልቼ፣ ትንሽ ጨምሬ ካርድ እሞላላታለሁ። አክስቴ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ «የልጅ መብራት ይቆጠራል እንዴ?» አለችኝ። እኔ ግን በሯ ጀርባ በእርሳስ መጻፌን አላቆምኩም። የዚህ ወሩ 27.4 ነው። ነገ ጠዋት ሐረጎን ከመውረዴ በፊት ካርዱን ሞልቼ መጥቼ ገመዱን እነቅላለሁ፤ መጀመሪያ ከግድግዳው።